የቀረጥ ዕድሜ

ስለ ንግድ ፖሊሲ የሚከራከሩ ሰዎችን ብዙ አዳምጣለሁ። ክርክሩ ዞሮ ዞሮ አንድ ቁጥር ላይ ያርፋል። ቀረጡ አሥር በመቶ ይሁን፣ ሠላሳ ይሁን ወይስ ጨርሶ ይነሣ? አንዱ የአገር ውስጥ አምራች ይጠበቅ ይላል። ሌላው ሸማቹ ለምን በውድ ይግዛ ይላል። ሁለቱም ከ200 ዓመት በላይ ሲባል የኖረ ጥሩ ጥሩ መከራከሪያ አላቸው።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ የእህል ነጋዴዎችን ሒሳብ እሠራለሁ። ደረሰኝ እለቅማለሁ፣ መዝገብ እዘጋለሁ፣ የግብር ጊዜ ሲደርስ አብሬያቸው ራሴን ይዤ እቀመጣለሁ። እነሱ ዘንድ ስለ ቁጥሩ ብዙ የሚጨነቅ የለም። ቁጥሩ ዋጋ ላይ ይደመርና ያልቃል። የሚጠይቁት ሌላ ነው። «ይሄ ነገር እስከ መቼ ነው?»

ውሎ ሲያድር ትክክለኛው ጥያቄ የእነሱ መሰለኝ። ቀረጥ መጠን አለው፤ ዕድሜም አለው። እኔን ከመጠኑ ይልቅ ዕድሜው ነው የሚያሳስበኝ።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. 2025ን እንውሰድ። መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ፕሬዝዳንት ትራምፕ ሰንጠረዥ ይዘው ወጡና ለአብዛኛው ዓለም ቀረጥ አደሉ። ትንሹ 10 በመቶ ነው፤ ለኢትዮጵያም የደረሳት እሱ ነው። ሌሶቶ 50 በመቶ ተባለች። የተሰላበት ቀመር ሲታወቅ ደግሞ ስንቱ ባለሙያ አፉን ያዘ። አሜሪካ ከአንድ አገር ጋር ያለባትን የንግድ ጉድለት ከዚያ አገር ለምትገዛው ዕቃ ታካፍላለህ፤ የመጣውን ለሁለት ትከፍላለህ፤ በቃ፣ ቀረጡ ያ ነው። ሰው የማይኖርባቸው፣ ፔንግዊን የሰፈረባቸው የሄርድና የማክዶናልድ ደሴቶች እንኳ 10 በመቶው አልቀረላቸውም። ፔንግዊኖቹ እስካሁን አጸፋ አልወሰዱም።

በሳምንቱ አብዛኛው ለ90 ቀን ታገደ። የቻይናው ግን ወደ 145 በመቶ ተተኮሰ። ግንቦት ሲገባ ወደ 30 ወረደ። ዕቃው ባሕር ላይ እያለ ሕጉ ይለወጥ ነበር ማለት ነው።

አሁን ትንበያውን ተመልከቱ። የዓለም ንግድ ድርጅት በሚያዝያ አስልቶ፣ በ2025 የዓለም የዕቃ ንግድ በ0.2 በመቶ ይቀንሳል አለ። በነሐሴ፣ የለም በ0.9 ያድጋል አለ። በመስከረም መጨረሻ 2.4 አደረሰው። ዓመቱም ያው፣ ድርጅቱም ያው። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ አይኤምኤፍ፣ ደግሞ የዓለምን ኢኮኖሚ ዕድገት በሚያዝያ 2.8፣ በሐምሌ 3.0፣ በጥቅምት 3.2 በመቶ አለ። ምክንያቱን ሲናገሩት ቀላል ነው። አስመጪዎች ቀረጡ ሳይደርስባቸው መጋዘናቸውን ሞሉ። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያስፈልገው ዕቃ ንግድም ጦፈ። የመጀመሪያውን ምክንያት ለባሕር ዳር ነጋዴ ብትነግሩት ይስቅባችኋል። ዘይት ሊወደድ ነው ከተባለ፣ ትናንት በሊትር የገዛ ሰው ዛሬ ጀሪካን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃላ።

በተንባዮች መሳቅ ቀላል ነው። ፕራካሽ ሉንጋኒ የተባለ የአይኤምኤፍ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዓለም ዙሪያ የደረሱ 60 ያህል የኢኮኖሚ ድቀቶችን መርምሮ፣ ከዓመት በፊት የተተነበዩት ሁለት ብቻ ሆነው አግኝቷቸዋል። ተገላቢጦሹም አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የብሉምበርግ ኢኮኖሚስቶች ሞዴል አሜሪካ በዓመት ውስጥ ድቀት የመግባት ዕድሏ 100 በመቶ ነው ብሎ ነበር። መቶ! ድቀቱ ቀረ።

ጥፋቱ ግን ሒሳባቸው ላይ አይመስለኝም። ፍራንክ ናይት የተባለ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት ገና በ1921 እንደለየው፣ ዕድሉ የሚሰላ አደጋ አለ፤ ዕድሉ ጨርሶ የማይሰላም አለ። ዝናብ የመጀመሪያው ነው። የዓመታት መዝገብ ስላለው፣ ክረምቱ ሊዘገይ የሚችልበትን ዕድል በግምትም ቢሆን መናገር ይቻላል። አንድ ሰው የዛሬ ሳምንት ምን ላይ እንደሚፈርም ግን መዝገብ የለውም። እሱን በሞዴል መፈለግ ከብት ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ይህ ሁሉ ዋሽንግተንና ጄኔቫ ብቻ ቢቀር ኖሮ አልጽፈውም ነበር።

አጎቴ ፎገራ ላይ ሩዝ ገበሬ ናቸው። ከባሕር ዳር በሐሙሲት በኩል ወረታ ለመድረስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሜዳው የጣና ጎረቤት ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ይተኙበታል። ለብዙ ሰብል ይህ መርገም ነው፤ ለሩዝ ግን ሠርግና ምላሽ ነው። ሩዝ እዚህ የገባው በደርግ ዘመን ሲሆን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ አለበት። ከቆዩት ዝርያዎች ዋናው እስከ ዛሬ ኤክስ-ጅግና ይባላል፤ ጅግና የጎረቤቱ የደራ ወረዳ ቀበሌ ናት። ኋላ መንግሥት ሩዝን «የሚሊኒየሙ ሰብል» አለው። የሩዝ ምርምር ማዕከሉም ወረታ ተተከለ። ደረቅ ወደብም እዚያው ወረታ አለ። የአገር ሩዝ መዲና በሆነች ከተማ የውጭ ዕቃ መቀበያ መገንባቱ ሁሌ ፈገግ ያሰኘኛል።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ወረታ ከሄዳችሁ ልብሳችሁን አትመኑ። የመፈልፈያው አቧራ እስከ ቅንድብ ይገባል። ገዢው ከጆንያው እፍኝ ይዘግናል፣ መዳፉ ላይ ያሻል፣ እፍ ይልና አንዷን ፍሬ በፊት ጥርሱ ይቆረጥማል። ቀጭ ካለች ደርቃለች። ካላለች ድርድሩ እንደገና ይጀመራል። ከዚያ የተፈለፈለውን ያያል። ስንቱ ሙሉ ነው? ስንቱ ተሰባብሯል? ቀይ ፍሬ አለበት? ጠጠርስ? ብዙዎቹ ማሽኖች አሮጌ ናቸውና ሩዙን ይሰባብሩታል። ከሕንድና ከፓኪስታን የሚመጣው ነጭ፣ ረጅምና እኩል ነው። ሆቴሎች እሱን ይመርጣሉ።

የፎገራው ግን ሌላ ደንበኛ አለው። ባሕር ዳር ውስጥ ብዙ ቤት ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ይፈጫል። እንጀራው ይነጣል፣ ወጪው ይቀንሳል፤ ክፋቱ ቶሎ መድረቁ ነው። ለዚህ ሥራ ፍሬው ሙሉ ሆነ ተሰበረ ግድ የለም፤ ያው ወፍጮ ሊገባ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሩዞች ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ አንድ ድስት ውስጥ እምብዛም አይገናኙም። የአይኤምኤፉ ፖል አርሚንግተን ይህን በ1969 ነግሮናል። አንድ ዓይነት ዕቃ ከተለያየ አገር ሲመጣ ገዢው እንደ አንድ አያየውም። ቀረጥ ቢጨመር ሆቴሉ ወደ ፎገራ ሩዝ ይዞራል ብሎ የሚያስብ ሰው የወረታን ማሽን አላየም።

ስለዚህ ማሽኑ ይሻሻል ይባላል። ወደሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ሕጎቹ ሲለዋወጡ እርሻው ላይ የሆነውን ላውራ።

ሐምሌ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ሕንድ ባስማቲ ከሚባለው ውድ ዝርያ በስተቀር ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። ሕንድ ማለት ከዓለም የሩዝ ኤክስፖርት 40 በመቶ ያህሉን የያዘች አገር ናት። ምክንያቷ የራሷ ሸማች ነው፤ አገር ውስጥ ዋጋ ጨምሮባታል፣ የዝናቡ ነገር አስግቷታል፣ ምርጫም እየቀረበ ነበር። በነሐሴ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የሩዝ ዋጋ መለኪያ ከ15 ዓመት ወዲህ ያልታየ ከፍታ ላይ ወጣ። አጎቴ በዚያ ሰሞን አረም ላይ ናቸው። ዘሩ ከተዘራ ቆይቷል። የዓለም ገበያ «ሩዝ ዝሩ» ብሎ ሲጮህ የፎገራ ገበሬ የመዝሪያው ጊዜ አልፎበታል።

በቀጣዩ ዓመት፣ በሰኔ 2016፣ ዋጋውን አይቶ የጨመረ ጨመረ። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ ብርን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመቱ ሲዞር ከ130 በላይ ሆነ። በኢኮኖሚክስ መጽሐፍ መሠረት ይህ ለአጎቴ ምሥራች ነው፤ የውጭ ሩዝ ይወደዳል። እውነትም ነው፣ ግን ማዳበሪያውም ነዳጁም የሚመጣው በዶላር ነው። በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው ተወሰደ። ነጋዴው ደግሞ ድሮም የውጭ ዕቃ ዋጋ የሚያወጣው በጥቁር ገበያው ምንዛሪ ስለነበር፣ የተፈራውን ያህል ዋጋ አልፈነዳም። በይፋዊው ቁጥር የዋጋ ንረቱ እንዲያውም ወረደ። እዚህ ላይ ብርን መልቀቅ አለብን ሲሉ የነበሩት በግማሽ ልክ ነበሩ ብል ይቀለኛል። «በግማሽ» የምለው የደመወዝተኛውን ቤት ስለማውቅ ነው።

መስከረም 18 ቀን 2017፣ ሩዙ ገና ሲያሽት፣ ሕንድ ክልከላዋን አነሣች። በ2025 የዓለም የሩዝ ዋጋ ለዓመታት ወዳልታየ ዝቅታ ወረደ።

ልብ በሉ። አንድ ሩዝ ተዘርቶ እስኪታጨድ ሁለት ትልልቅ ሕጎች ተለወጡ። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ኒው ዴልሂ። አንዱ ዋጋውን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች የሚገፋ። ሁለቱም ሲለወጡ ገበሬው ጉልበቱን እርሻው ላይ አፍስሶ ጨርሷል።

ኢኮኖሚስቶች ስለዚህ የቆየ ክርክር አላቸው። ሞርደካይ ኢዝኪኤል በ1938 የሸረሪት ድር የሚመስለውን ሥዕል አብራራ። ገበሬ ያምናውን ዋጋ አይቶ ይዘራል፣ ሁሉም ስለዘራ ዋጋው ይወድቃል፣ በሚቀጥለው ማንም አይዘራም፣ ዋጋው ይሰቀላል። ጆን ሙት በ1961 መጣና፣ ገበሬ እንዲህ ሞኝ አይደለም፣ ያለውን መረጃ ሁሉ ተጠቅሞ ነው የሚወስነው አለ። አጎቴን ለሚያውቅ ሰው ሙት ትክክል ነው። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ስልካቸው አያርፍም። ችግሩ መረጃው ራሱ አለመጽናቱ ነው። በሰኔ እውነት የነበረው በመስከረም ውሸት ይሆናል።

ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። መሬቱን ይከፋፍሉታል። ከሩዙ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያ ወይ ሽምብራ ያስገባሉ፤ ዳር ላይ በፓምፕ ሽንኩርት። ሽንኩርት ሲቀናው ቤት ያሠራል፤ ሳይቀናው ማሳው ላይ ይበሰብሳል። ሩዝ ግን ገዢ ቢጠፋ ይበላል። ከዚህ የተሻለ ኢንሹራንስ ሲሸጥ አላየሁም። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ሩዝ ላይ ብቻ ቢያተኩሩ ያገኙት የነበረውን ምርት ትተዋል። ይህ ኪሳራ የትም ሰንጠረዥ ላይ አይወጣም።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። ሒሳባቸውን ከምይዝላቸው ነጋዴዎች አንዱ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ጠጠር የሚለይ፣ የተሰበረውን ከሙሉው የሚያበጥር ዘመናዊ መፈልፈያ ሊያስመጡ አሰቡ። ቁጭ ብለን አሰላን። የውጭ ሩዝ እንደተወደደ ከቆየ ማሽኑ ዋጋውን በጥቂት ዓመት ይመልሳል። እንደገና ሩዝ ያለ ቀረጥ ይግባ ከተባለ ደግሞ ብድሩ አንገት ላይ ይቀራል። ይህ ደግሞ የሆነ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሩዝን ጨምሮ መሠረታዊ ምግቦች በፍራንኮ ቫሉታ፣ ማለትም አስመጪው ከባንክ ሳይጠይቅ በራሱ የውጭ ምንዛሪ፣ ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ ተፈቅዶ ነበር። ፍራንኮ ቫሉታ እኛ አገር ሲፈቀድ፣ ሲከለከል፣ ሲፈቀድ የኖረ ነገር ነው። ጋሼ ወረቀቴን አዩና፣ «ልጄ፣ ማሽኑ አሥር ዓመት ይኖራል። መመሪያው ስንት ዓመት ይኖራል?» አሉኝ።

አልገዙም።

አቪናሽ ዲክሲትና ሮበርት ፒንዳይክ የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1990ዎቹ ይህንኑ በሒሳብ አሳይተዋል። የወጣው ገንዘብ የማይመለስ ከሆነና ነገ ግልጽ ካልሆነ፣ መጠበቅ ራሱ ዋጋ ያለው ንብረት ነው። ስለዚህ አትራፊ የሆነ ሥራም ሳይሠራ ይቀራል። ጋሼ ይህን ያወቁት መጋዘናቸው ውስጥ ነው። የአገር ውስጥ ኢንዱስትሪ እስኪጠና በቀረጥ ይጠበቅ የሚለው ሐሳብ፣ ከአሜሪካዊው ሃሚልተን እስከ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሊስት፣ ጊዜ የሚባል ነገር ይፈልጋል። ጥበቃው እስከ መቼ እንደሚቆይ ካልታወቀ ጥበቃ ውስጥ የሚያድግ ነገር የለም። ሸማቹ ውድ ሩዝ ይበላል፤ ማሽኑ አይመጣም። ሁለቱንም ያጣ ፖሊሲ ይሉታል እንዲህ ያለውን።

መንግሥትን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። በ2021 ያ ፈቃድ ሲወጣ የምግብ ዋጋ ጣራ ነክቶ ነበር። የከተማ ድሃ ምን ይብላ? እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። ሲደረደሩ ነው የሚያጠፉት።

እኛ ብቻም አይደለንም። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ2019 ለሩዝ 35 በመቶ ቀረጥ በሕግ ደነገገች። በ2024 ወደ 15 አወረደችው። በመስከረም 2025 ጭራሽ ለ60 ቀን ሩዝ አይግባ አለች። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 ሩዝን ጨምሮ ለ41 ዓይነት ዕቃ ዶላር ከለከለች፤ በ2019 የየብስ ድንበሯን ዘጋች፤ በ2020 መጨረሻ ከፈተች፤ በ2023 የዶላሩን ክልከላ አነሣች። ሩዝ ፖለቲከኛን እንቅልፍ ይነሣል። ሲረክስ ገበሬው ይጮኻል፣ ሲወደድ ከተማው ይጮኻል። ስለዚህ እጅ አያርፍበትም።

ቀረጥ ያልተባለ ቀረጥም አለ። ከወረታ ባሕር ዳር የሚመጣ ጭነት መንገድ የተዘጋ ሳምንት ምን ያህል እንደሚጨምር የትም ሞዴል ውስጥ የለም። ጣና ላይ የሚደርቀው አሳ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር፤ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ላይ እዚያ ጦርነት ተነሣ። ይህን የትኛው ተንባይ ይደምረዋል?

ጥሩ ነገር አላየሁም አልልም። የቀድሞው የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀመንበር ቤን በርናንኪ፣ የእንግሊዝ ባንክ የሚተነብይበትን መንገድ መርምረው በሚያዝያ 2024 ምክር ሰጡ። እንደ ማራገቢያ የተዘረጋውን የትንበያ ሥዕል ተዉት፤ በምትኩ «ይህ ከሆነ ይህ ይሆናል» እያላችሁ የተለያዩ መንገዶችን አሳዩ አሉ። ነጋዴ የሚያስበው በዚህ መልክ ነው። አንድ ቁጥር ስትሰጡት አያምናችሁም። ሦስት መንገድ ስታሳዩት ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

ከዚህ ዓይን ሳየው የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነታችን ያጓጓኛል። ኢትዮጵያ ያመለከተችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው የውጭ ዕቃ ጎርፍ ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው፤ አባል አገር ለየዕቃው ከዚህ በላይ ቀረጥ አልጭንም ብላ ጣራ ታስመዘግባለች። ጣራው ከፍ ያለ ቢሆን እንኳ ዕድሜ አለው። ግን ጉጉቴ ልክ አለው። ሕንድም አሜሪካም አባል ናቸው። አንዷ ሩዟን በአንድ ቀን ዘጋች፣ ሌላዋ ቀረጧን በአንድ ሳምንት ሁለቴ ለወጠች። ጣራ መኖሩ ቤቱ አያፈስም ማለት አይደለም።

ስለዚህ የእኔ ልመና ጠበብ ያለ ነው። ሩዝን የሚነካ የቀረጥም የፈቃድም ውሳኔ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ወር ይነገር፤ እስከሚቀጥለው ዓመት አይነካ። ግንቦት ብዬ ነበር፤ ከዘር በፊት ስለሆነ። ለጋሼ ብነግራቸው ሳቁ። «ግንቦት ላይ የምታውጁ ከሆነ እኛ ሚያዝያ ላይ መጋዘን እንሞላለና!»

«ከዓመት ሙሉ ግምት የአንድ ወር ሽሚያ አይሻልም?» አልኳቸው።

«ለእኔ ይሻላል። ሚያዝያ ግን ፋሲካ አለ። ሸማቹ ዶሮውንም ቅቤውንም በውድ ገዝቶ ሩዝ ላይ ሊደገምበት?»

ተከራከርን። የካቲትን ጾሙ እየገባ ነው ብለው ጣሉት፤ ሩዝ በጾም ይፈለጋላ። መጨረሻ ላይ ጥር ላይ ተስማማን። ጥር ላይ አዲሱ የፎገራ ሩዝ ገበያውን ስለሚያጥለቀልቀው፣ አስመጪ ቢሻማም ዋጋው ብዙ አይነቃነቅም። አጎቴም እስከ ሰኔ ድረስ የሚያስቡበት አምስት ወር ያገኛሉ።